የተጎዳ የመታሰቢያ ሳንቲም ስንት ያወጣል? ከመሸጣችሁ በፊት ቤታችሁ ተቀምጣችሁ የምትገምቱበት መንገድ

አክስቴ አንድ ቀን በመሐረብ የቋጠረችውን ሳንቲም መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። የደጋ አጋዘን የተቀረጸበት የ25 ብር የመታሰቢያ ሳንቲም ነው። ባለቤቷ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ለብዙ ዓመታት ቁም ሳጥን ውስጥ ያስቀመጡት ነበር። "ጠቁሮ አፈርኩበት ልጄ፤ እንዲያምርልህ ብዬ በሎሚና በአመድ ፈተግኩት" አለችኝ።

ሳንቲሙ ያበራል። መብራት ስር ሳዘነብለው ግን ፊቱ በሙሉ በቀጫጭን ጭረት ተሸፍኗል። በምስሉ ዙሪያ ያለው፣ እንደ መስታወት የነበረው ባዶ ሜዳ ደብዝዟል። ጥቁረቱ እንዳለ ቢቀር ኖሮ ዋጋው ይበልጥ ነበር። ያን ሰዓት ይህን ለአክስቴ መናገር ከበደኝ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ተመሳሳይ ጥያቄ ይዞ መጥቶልኛል። አንዱ ኢንተርኔት ላይ ንጹሕ ለሆነ ሳንቲም የተጠየቀውን ዋጋ አይቶ ለተቧጨረውም ያንኑ ይጠብቃል። ሌላው ደግሞ "አይ፣ ተበላሽቷል" ብሎ ለመጀመሪያው ገዢ በርካሽ ይሰጠዋል። ሁለተኛው ይበልጥ ያሳዝነኛል። ብዙውን ጊዜ እንዲህ የሚሸጡት ገንዘቡ የቸገራቸው ሰዎች ናቸው።

የመታሰቢያ ሳንቲም ሁለት ዋጋ አለው። አንዱ የማዕድኑ ዋጋ ነው፤ ቢቀልጥ የሚያወጣው። ሁለተኛው ሰብሳቢ ሰው ለውበቱ፣ ለታሪኩና ለብርቅነቱ ብሎ ከማዕድኑ በላይ የሚጨምረው ነው። ጭረት፣ ቀዳዳ፣ መፈተግ የሚበሉት ሁለተኛውን ብቻ ነው። ማዕድኑን ብዙም አይነኩትም። ስለዚህ ሁለቱን ሳትለዩ "ስንት ያወጣል?" ብትሉ መልስ አታገኙም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ሁለቱን የመለየት ሥራ ነው።

(እዚህ ጽሑፍ ላይ "ንጹሕ ብር" ስል ማዕድኑን ነው። "ንጹሑ" ስል ደግሞ ያልተጎዳውን ሳንቲም ነው። መገበያያውን ስጠራ ከነቁጥሩ እጽፈዋለሁ።)

1. እጃችሁን ሰብስቡ

ምንም አትጥረጉ። ሎሚ፣ አመድ፣ ጨው፣ የጥርስ ሳሙና፣ የብር ማጽጃ ክሬም፣ ለስላሳ ጨርቅ እንኳ አይሆንም። ሳንቲሙን በጠርዙ ብቻ ያዙት። ከተቻለ ለስላሳ ፎጣ ላይ ሆናችሁ ሥሩ፤ ከእጅ ቢያመልጥም ጠርዙ አይጎዳም።

አንድ ነገር ብቻ ለይቼ እፈቅዳለሁ። በአሮጌ ለስላሳ ፕላስቲክ ውስጥ የቆየ ሳንቲም አንዳንዴ አረንጓዴ፣ የሚያጣብቅ ነገር ያወጣል። ይህ ከፕላስቲኩ የመጣ ነው፤ ከተተወ ማዕድኑን እየበላ ይሄዳል። ንጹሕ አሴቶን በብርጭቆ ሳህን አድርጋችሁ ሳንቲሙን ንከሩት። አታሹት። ካወጣችሁት በኋላ በራሱ ይድረቅ። መስኮት ክፈቱ፣ እሳት አጠገብ አይሁን። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ግን አይተካውም፤ ሌላ ነገር ተቀላቅሎበታል። ቀለም የተቀባበት ሳንቲም ከሆነ ይህንንም አትሞክሩት።

2. ማን እንደሆነ እወቁ

የእኛ ሳንቲሞች ዓመተ ምሕረት ብዙውን ጊዜ በግዕዝ ቁጥር ነው። ፲፱፻፸ ማለት 1970 ነው፣ ፲፱፻፸፬ ደግሞ 1974። ፮ እና ፯ በተፋቀ ሳንቲም ላይ ስለሚመሳሰሉ በማጉያ እዩዋቸው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። 1970 ዓ.ም. የተጻፈበት ሳንቲም በፈረንጅ አቆጣጠር 1977 ወይም 1978 ነው። ውጭ ሀገር ያሉ ሻጮች አንዳንዱ በአንዱ፣ አንዳንዱ በሌላው ይጽፉታል። ዋጋ ስትፈልጉ በሁለቱም ፈልጉ። አለዚያ ግማሹን ገበያ ሳታዩ ትቀራላችሁ።

ለምሳሌ የሚሆኑንን ልጥቀስ። የ1970ው የዱር እንስሳት ጥበቃ መታሰቢያ ሦስት ሳንቲም አለው፤ የ10 ብሩ ጺማም አሞራ፣ የ25 ብሩ የደጋ አጋዘን፣ የ600 ብሩ ወርቅ ደግሞ ዋልያ። ቀደም ብሎ ለአፄ ኃይለ ሥላሴ 75ኛ ዓመት ልደት የወጡት የ10፣ የ20፣ የ50፣ የ100 እና የ200 ብር ወርቆች አሉ፤ 1958 ዓ.ም. ይላሉ። በፈረንጅ 1982 ለተካሄደው የዓለም ዋንጫ በ1974 ዓ.ም. የወጣው የ2 ብር ሳንቲም ደግሞ ከመዳብና ከኒኬል የተሠራ ነው። ወርቅ፣ ንጹሕ ብር፣ ተራ ብረት። ጉዳት በሦስቱ ላይ የሚያደርሰው ኪሳራ ጨርሶ የተለያየ ነው።

3. መዝኑት

0.01 ግራም የሚያነብ ትንሽ ሚዛን፣ 10 ጊዜ የሚያጎላ ማጉያ መነጽር እና ጠንካራ ማግኔት ይበቃል። ንጹሕ ብርም ወርቅም ማግኔት አይስባቸውም። ከሳበው አስመሳይ ነው።

ክብደቱን ከሚጠበቀው ጋር አስተያዩ። ለመስታወታማው አሠራር (ሜዳው እንደ መስታወት እንዲያበራ ለተመታው)፣ የ10 ብሩ አሞራ 28.28 ግራም፣ የ25 ብሩ አጋዘን 35 ግራም ነው፤ ሁለቱም ከሺህ 925 እጅ ንጹሕ ብር ናቸው። ለመደበኛው ሽያጭ የተመታው ከእነዚህ ቀለል ይላል፤ ስለዚህ ቢያንስባችሁ ወዲያው ሐሰተኛ ነው አትበሉ፣ ፊቱን እዩ። የዋልያው ወርቅ 33.437 ግራም ሲሆን ከሺህ 900 እጁ ወርቅ ነው። የልደቱ ወርቆችም 900 ናቸው፤ ክብደታቸው ደግሞ በቃል የሚያዝ ነው፦ የ10 ብሩ 4 ግራም፣ የ20ው 8፣ የ50ው 20፣ የ100ው 40፣ የ200ው 80።

ከተጠራጠራችሁ የውሃ ፈተና አለ። ብርጭቆ ውሃ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ወደ ዜሮ መልሱት። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አስራችሁ ታችና ጎን ሳይነካ ውሃው ውስጥ አንጠልጥሉት። የሳንቲሙን ክብደት ሚዛኑ አሁን ለሚያሳየው ቁጥር አካፍሉ። 900 ወርቅ ወደ 17.2 ይጠጋል፣ 925 ንጹሕ ብር ወደ 10.4። ይህን ቀድሞ በተቧጨረ ወይም በተበየደ ሳንቲም ላይ ብቻ ሞክሩት። መስታወታማ ፊት ያለውን ክሩም ይጭረዋል።

4. ወለሉን አውጡ

ክብደት ሲባዛ በንጥረት (ከሺህ ስንቱ እጅ ወርቅ ወይም ንጹሕ ብር እንደሆነ፤ 925 ከሆነ 0.925)፣ ሲባዛ በዕለቱ የአንድ ግራም ዋጋ። ይህ ወለላችሁ ነው። የዓለም ዋጋ በአውንስ ከተነገራችሁ ለ31.1035 አካፍሉት፤ የግራም ይሆናል።

የአጋዘኑ 35 ሲባዛ በ0.925፣ 32.4 ግራም ገደማ ንጹሕ ብር ነው።

ወርቁ ላይ ግን ቆም በሉ። 900 ማለት 21.6 ካራት ነው። ወርቅ ቤቶች የለመዱት ቁጥር 21 ስለሆነ "21 ነው" ብለው ይይዙላችኋል። የ100 ብሩ ወርቅ በ900 ሲሰላ 36 ግራም ንጹሕ ወርቅ አለው። በ21 ካራት ሲሰላ 35 ይሆናል። አንድ ሙሉ ግራም ወርቅ በአፍ ቀረ ማለት ነው። እንደ 18 ካራት ከተያዘ 30 ላይ ይወርዳል። "900 ነው፣ በ900 አስላልኝ" ማለት መብታችሁ ነው፤ ሳታፍሩ ተናገሩ።

5. ንጹሑ ስንት እንደተሸጠ ፈልጉ

የተጠየቀ ዋጋ ዋጋ አይደለም። ማንም የፈለገውን ቁጥር መጻፍ ይችላል። ኢቤይ ላይ "የተሸጡ" የሚለውን ማጣሪያ አብሩና በእውነት ገንዘብ የተከፈለባቸውን ብቻ እዩ። የጨረታ ቤቶችም ያለፉ ውጤቶቻቸውን ያሳያሉ። ቢያንስ አራት አምስት ሽያጭ ውሰዱ። ከሁሉ ከፍተኛውንና ከሁሉ ዝቅተኛውን ጣሉ፤ የመካከለኛውን ያዙ። የተጎዳ ሳንቲም ሽያጭ ከተገኘማ ትልቅ ዕድል ነው፤ ከማንኛውም ግምት የተሻለ ማስረጃ ነው።

ሳጥኑና የምስክር ወረቀቱ አብረው የተሸጡ መሆናቸውን ተመልከቱ። የመታሰቢያ ሳንቲም ገዢ ሳጥኑን ይወዳል። ቤታችሁ ውስጥ ባዶ ሳጥን ካለ አትጣሉት።

ከተገኘው ዋጋ ላይ ወለሉን ስትቀንሱ የሚቀረው የሰብሳቢው ጭማሪ ነው። ጉዳቱ የሚቀንሰው ከዚህ ብቻ ነው።

6. ጉዳቱን አንብቡት

ሥራው እዚህ ላይ ነው። አንድ መብራት ብቻ አብሩ። ሳንቲሙን ጠርዙን ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ አዘንብሉት። ቀጥ ብሎ ሲታይ የማይታየው ጭረት ሲያዘነብል ይወጣል።

መጀመሪያ ጉዳት የሚመስለውን ከጉዳት ለዩ። ንጹሕ ብር አየር ላይ ሲቆይ ወርቃማ፣ ሰማያዊ፣ ከዚያም ጥቁር ይሆናል። ይህ ዕድሜ ነው። እኩል ሆኖ ከተዘረጋ ብዙ ሰብሳቢ ይወደዋል። እኔ ከጭማሪው ከአንድ አሥረኛ በላይ አልቀንስለትም፤ ቀለሙ ካማረ ምንም አልቀንስም። በወርቅ ላይ የሚታይ ቀይ ነጥብም አብሮ ከተቀላቀለው መዳብ የሚመጣ ነው። ትንሽ ከሆነ ብዙ አያስጨንቅ።

የጣት አሻራ ይከፋል። ላቡ ማዕድኑ ውስጥ ተቀርጾ ይቀራል። ፊት ለፊት፣ የንጉሥ ወይም የእንስሳ ምስሉ ጎን ከሆነ፣ ከጭማሪው ሲሶውን እቀንሳለሁ።

የጠርዝ ጉድፍ አብዛኛውን ጊዜ ሳንቲሙ ከመውደቁ ነው። ጠርዙ ወደ ውስጥ ገብቶ ከሆነ ከጭማሪው ግማሽ ያህል ይሄዳል። ከፊት ሲታይ የማይለይ ከሆነ ያነሰ።

መፈተግ ነው የሚያንገበግበኝ። ለመታሰቢያ የሚመቱ ብዙ ሳንቲሞች ሜዳቸው መስታወት፣ ምስላቸው ደግሞ በረዶ የነካው ይመስላል። ገዢ የሚከፍለው ለዚያ ንጽጽር ነው። አንዴ በጨርቅ ሲታሽ መስታወቱ ይጫጫራል፣ አይመለስም። እንደ አክስቴ ሳንቲም ሙሉ በሙሉ የተፈተገ ከሆነ ከጭማሪው ሩቡ ብቻ ይቀራል ብዬ ነው የማስበው።

የተበሳ፣ ቀለበት የተበየደበት፣ በወርቅ ውሃ የተነከረ ሳንቲም ጭማሪው ጠፍቷል በሉ። ወለሉን ብቻ አስቡ። እኛ ጋ ሳንቲም ለአንገት ማንጠልጠያ ማድረግ የቆየ ልማድ ስለሆነ ይህ በጣም ይገጥማል። ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ የተበየደው ቀለበት ክብደት የሳንቲሙ አይደለም፤ ንጥረቱም ሌላ ሊሆን ይችላል፣ ስትመዝኑ ቀንሱት። ሁለተኛ፣ በክፈፍ ብቻ የታቀፈ፣ ያልተበየደ ሳንቲም ጠርዙ ላይ ምልክት ብቻ ይኖረው ይሆናል። ክፈፉን ራሳችሁ በጉጠት አትፈልቅቁት። እጁ የረጋ ባለሙያ ያውጣው።

እነዚህ ክፍልፋዮች ከልምዴ የያዝኳቸው እንጂ ሕግ አይደሉም። ሳንቲሙ ብርቅ በሆነ ቁጥር ይለዝባሉ፤ ሌላ የማያገኝ ሰብሳቢ ጉዳቱን ይታገሣል። የመታሰቢያ ባይሆንም የምኒልክ ብር ጥሩ ማሳያ ነው። ክብደቱ 28.075 ግራም፣ ንጥረቱ 835 ነው። የብየዳ ምልክት ያለበት እንኳ ብዙ ጊዜ ከማዕድኑ በላይ ይሸጣል፤ ሰው ታሪኩን ይፈልገዋልና።

የተገላቢጦሹም አለ። አሜሪካ ያላችሁ ያርድ ሴል ላይ የ1986ቱን የነጻነት ሐውልት አንድ ዶላር አይታችሁት ይሆናል። 26.73 ግራም፣ 900 ንጹሕ ብር ነው። በመስታወታማ አሠራሩ ብቻ ከ6 ሚሊዮን በላይ ተመትቷል። ያን ያህል የበዛ ሳንቲም ንጹሑም ከማዕድኑ ዋጋ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ቢቧጨርም የምታጡት ጥቂት ነው። ሻጩ "ተቧጭሯል" ብሎ ከወለል በታች ከሰጣችሁ፣ ግዙት።

7. አስሉት

የአክስቴን አጋዘን አብረን እናስላው። ለሂሳብ እንዲቀለን አንድ ግራም ንጹሕ ብር 1 ዶላር ነው እንበል። ንጹሑ ደግሞ በ80 ዶላር ተሸጧል እንበል።

ወለሉ 32 ዶላር። ጭማሪው 48። ተፈትጓልና ሩቡ ይቀራል፣ 12 ዶላር። ድምሩ 44።

እንደጠቆረ ቢቀመጥ ኖሮ? ከ48ቱ 43 ያህሉ ይተርፍ ነበር። ድምሩ 75። ሎሚና አመዱ 31 ዶላር ወሰዱ ማለት ነው።

ተበስቶ ቢሆን 32 ገደማ ላይ ይቆማል።

አሁን የግራሙን ዋጋ 2 ዶላር አድርጉት። ወለሉ ወደ 65 ይዘላል። ንጹሑ ግን በዚያው ልክ እጥፍ አይሆንም፤ 95 ይሸጣል እንበል። ጭማሪው 30፣ ሩቡ 7 ተኩል፣ ድምሩ 72 ገደማ። ቅድም የተፈተገው ከንጹሑ ከግማሽ ትንሽ በላይ ነበር፤ አሁን ሦስት አራተኛ ሆነ። ማዕድን ሲወደድ ንጹሑና የተጎዳው ይቀራረባሉ። የተጎዳ ሳንቲም ያለው ሰው የሚሸጥበት ወቅት ይህ ነው። ንጹሕ ያለው ደግሞ በዚያን ጊዜ ሊቸኩል አይገባም።

የዓለም ዋንጫው 2 ብር በዚህ ሂሳብ ሲታይ ያሳዝናል። መዳብና ኒኬሉ ወለል የሚባል ነገር የለውም። ያለው ዋጋ በሙሉ ጭማሪ ነው። ንጹሑ 10 ዶላር ከሆነ፣ የተፈተገው ሁለት ሦስት ዶላር ነው። እንዲህ ዓይነቱን ለልጅ ስጡት። ደስታው ከዋጋው ይበልጣል።

8. ለማን ልሽጠው?

የደረሳችሁበት ቁጥር የመጨረሻ ገዢ የሚከፍለው ነው። እጃችሁ የሚገባው አይደለም። ነጋዴ መልሶ ማትረፍ ስላለበት ዝቅ አድርጎ ይሰጣል፤ ይህ ማጭበርበር አይደለም። ራሳችሁ ኢንተርኔት ላይ ብትሸጡ ደግሞ የገጹ ኮሚሽን፣ መላኪያና ኢንሹራንስ አለ። እነዚህን አውርዳችሁ ነጋዴው ከሚሰጣችሁ ጋር አነጻጽሩ።

ጭማሪው ለጠፋ ሳንቲም ሰብሳቢ መፈለግ ድካም ነው። ማዕድን በግራም የሚገዛ ይበቃል። ጭማሪ የቀረው ግን በፍጹም ለወርቅ ቤት ብቻ አይቅረብ።

ፒሲጂኤስ ወይም ኤንጂሲ የሚባሉት የሳንቲም መርማሪ ድርጅቶች ዘንድ ልኬ ላስመርምረው የሚል አለ። እነሱ ከ1 እስከ 70 ባለው መለኪያ ደረጃ ይሰጣሉ። የተፈተገ ወይም የተበየደ ከሆነ ግን ቁጥር አይሰጡትም። "ዲቴይልስ" የሚል ጽሑፍ ጉዳቱን ጠቅሰው ያትሙበታል። ክፍያው ከነመላኪያው ከአንድ ተራ የብር ሳንቲም ጭማሪ በላይ ሊሆን ይችላል። ለትልልቅ ወርቆችና ሐሰተኛ ለሚበዛባቸው ብርቅ ሳንቲሞች ብቻ ነው የሚያዋጣው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሆናችሁ ወደ ውጭ ለመላክ ካሰባችሁ ቀድማችሁ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን ጠይቁ። ቅርስ ያለ ፈቃድ ማውጣት የተከለከለ ነው። ኤርፖርት ላይ ከመከራከር ቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

ኢንተርኔት ላይ ስትለጥፉ ፎቶውን በተዘነበለ ብርሃን አንሱት። ጭረቱ ይታይ። ብየዳው ያለበትን ጠርዝ ለብቻው አንሱ። "ተፈትጓል" ብላችሁ ጻፉ። እንዲህ የተሸጠ ሳንቲም ተመልሶ አይመጣባችሁም።

ፊት ለፊት ከሆነ የምትሸጡት፣ ሚዛኑ እናንተ በምታዩት ቦታ ይሁን። ክብደቱን ቤታችሁ ጽፋችሁ ሂዱ። ባለሙያው ለፈተና ሳንቲሙን ድንጋይ ላይ ሊያሸው ወይም አሲድ ሊያንጠባጥብበት ካሰበ፣ ሽያጩ ሳይቋጭ አትፍቀዱለት። ሳትስማሙ ብትወጡ አዲስ ጭረት ይዛችሁ ነው የምትመለሱት። በውሃ ይፈትነው፣ ወይም በራጅ የሚያነብ መሣሪያ ያለው ሌላ ቤት ሂዱ።